ሜኑው ላይ ያልተጻፈው

ባለፈው ወር «አዲስ አበባ ሄዳችሁ ስትበሉና ስትጠጡ የሚያስቸግራችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት መጣልኝ። ገሚሱ ጥያቄ ነው፣ ገሚሱ ስሞታ። አንዱማ ደረሰኙን ራሱን ፖስታ ውስጥ አሽጎ ልኮልኛል። ወጥ ነክቶታል።

አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች፣ እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አንዲት ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ 17 ዓመት ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። ካዛንቺስ አንድ ሥጋ ቤት ሳህን በማጠብ ጀመርኩ። ቦሌ አንድ ትልቅ ሆቴል ካሸር ሆንኩ፣ በኋላም ሱፐርቫይዘር። እናቴ ስትታመም ወደ ብርዴ ተመለስኩ። የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ያየሁት ነው።

«እትዬ፣ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፍልዎ። የእጮኛዬን አጎት ለማክበር ብዬ ቦሌ አንድ ቤት ጋበዝኩ። ሜኑውን እያየሁ በልቤ ደመርኩ፤ 3,200 ብር። ሂሳቡ ሲመጣ 4,048 ሆኖ ቁጭ አለ። አጎቷ ፊት መጨቃጨቅ አፈርኩና ከፈልኩ። ተበልቻለሁ አይደል?»

አልተበላህም። ደረሰኙን የላክኸው አንተ ነህ፤ ሦስት ጊዜ ደመርኩት።

ሜኑውን እስከ መጨረሻው ብትገልጠው ኖሮ ግርጌው ላይ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ ታገኝ ነበር። «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅን አይጨምርም» ትላለች። ጉዱ ያለው እሷ ጋ ነው። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል። ያንተ 320 ብር ነው፤ 3,520 ሆነ። ከዚያ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ቫቱ የሚሰላው ታዲያ በ3,200 ላይ እንዳይመስልህ፤ በ3,520 ላይ ነው። 528 ብር። ደምረው፤ 4,048። ሳንቲም አልተጨመረብህም።

ሰው ሁሉ «10 እና 15፣ በቃ 25 በመቶ» ብሎ ይገባል። እውነተኛው 26 ተኩል ነው። አንተ በልብህ ስትደምር ካልኩሌተር አያስፈልግህም። የሜኑውን ዋጋ ያዝ፣ ሩቡን ጨምርበት፣ ትንሽ ደግሞ መርቅበት።

ሁሉም ቤት እንዲህ አይደለም። መካከለኛ የሚባሉት ብዙዎቹ ቫቱን ዋጋው ውስጥ አስገብተው ነው የሚጽፉት። ግድግዳ ላይ ዋጋ የለጠፈ ተራ ምግብ ቤት ከገባህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያየኸውን ነው የምትከፍለው። ስለዚህ አንድ የ400 ብር ምግብ እዚህና እዚያ አንድ ዓይነት 400 አይደለም። እዚያኛው ቤት 506 ነው።

ካሸር ሆኜ ያየሁት ስህተት ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው። የጎረቤት ጠረጴዛ ቢራ አንተ ላይ ይጻፋል። አልታዘዘም፣ ግን ተከፍቶ የቀረበ የታሸገ ውኃ አለ። ከተከፈተ ሂሳብ ውስጥ ነው። ካልፈለግህ ሳይከፈት «ይነሣልኝ» በል። በእጅ በተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ቫት ጠይቀውህ ከሆነም «የማሽን ደረሰኝ ስጡኝ» በል። ቫት የሚሰበስብ ቤት ይህን መስጠት ግዴታው ነው።

ቲፕን በተመለከተ፣ ሰርቪስ ቻርጅ ከፍለሃልና ግዴታ የለብህም። እኔ በሠራሁበት ቤት ግን ያ ገንዘብ አስተናጋጆቹ እጅ የሚደርሰው ወር ጠብቆ፣ ለሁሉም ተካፍሎ ነበር። በደንብ ያስተናገደችህ ልጅ ካለች እጇ ላይ ብታስቀምጥላት እሷ ታውቀዋለች።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ለመጠየቅ የሚያፍር እንግዳ ካሸር ፊት ወዲያው ይታወቃል። ሂሳቡን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ብሩን ከጠረጴዛው ሥር ይቆጥራል። «ይሄ 320 ምንድነው?» ብትል አስተናጋጁ በግማሽ ደቂቃ ያስረዳህ ነበር፤ አጎትየውም ልጁ ብሩን የሚያውቅ ነው ይሉ ነበር። የሴት ልጅ ዘመድ ይህን ይወዳል።

«ልጄ፣ ከእነዋሪ ነኝ። ሴት ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች። ‹አባ፣ ትልቅ ሆቴል ቡፌ ነው የምጋብዝህ› አለችኝ። እሺ አልኩ። እኔ ግን በጋቢ የኖርኩ ገበሬ ነኝ። በር ላይ ይመልሱኝ ይሆን? ሹካና ቢላውስ? እንዳላሳፍራት ፈራሁ።»

አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎ! የአባቶች ደብዳቤ ብዙ አይመጣልኝም፤ ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጋቢዎን ለብሰው ይሂዱ። ንጹሕ ይሁን እንጂ ማንም አይመልስዎትም። በምረቃ ሰሞን እኔ የሠራሁበት ሆቴል አዳራሹ በጋቢና በነጠላ ይሞላ ነበር። በር ላይ የሚያስቆምዎ ፍተሻው ነው። እሱ ደግሞ ሚኒስትርንም ያስቆማል። ዱላዎንና ሴንጢዎን ግን እቤት ይተዉ፤ መነጋገሪያ ይሆናል።

እርስዎን የያዘዎት እፍረት የቆየ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ «ሰው ፊት፣ ያውም በገንዘብ መብላት?» ብለው አልመጣ አሉ ይባላል። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው፣ ከፍለው ነው ያስለመዷቸው እየተባለ ይወራል። ምኒልክ ደግሞ የኛው የአንጎለላ ልጅ ናቸው። ሆቴሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ጎድቶት ነበር፤ እኔም ያን ቀን ከሥራ ስወጣ የጭሱን ሽታ አስታውሳለሁ።

ወደ ቡፌው እንምጣ። ቡፌ ማለት ምግቡ በረድፍ ተደርድሮ፣ ሳህን ይዘው እየዞሩ ያሻዎን የሚያነሡበት ነው። የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ትንሽ ቢበሉም ብዙ ቢበሉም ያው ነው። ውኃና ለስላሳ ብዙ ቦታ ለብቻ ይታሰባል። ይህንን ልጅዎ አስቀድማ ትጠይቅ።

ሳህን ሳይይዙ መጀመሪያ አንዴ ዞር ዞር ብለው ይዩት። ምሥጢሩን ልንገርዎ፤ እኔ ራሴ ሳስደረድር ኖሬያለሁ። ዳቦው፣ ሩዙና ድንቹ በር በሩ ላይ ይቀመጣል። እንግዳው ሳህኑን በእሱ ይሞላል። ጠቦቱ ጥግ ላይ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ልጅ ቢላ ይዞ ከጎኑ ቆሞ ነው ያለው። እርስዎ በቀጥታ ወደ እሱ ይሂዱ። «ከወርቹ ቁረጥልኝ» ቢሉት ደስ ብሎት ይቆርጥልዎታል፤ ቀኑን ሙሉ «ትንሽ ብቻ» ሲባል ነው የሚውለው።

ሳህኑን በአንዴ አይከምሩት። ተመልሶ መነሣት ይቻላል፤ ነውር የለውም። ሲመለሱ አዲስ ሳህን ያንሡ፣ የበሉበትን ጠረጴዛው ላይ ይተዉት፤ ልጆቹ ያነሡታል። ማስቋጠር ግን አይፈቀድም። አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጅ ልጃቸው ብለው ሦስት ሙዝ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ሱፐርቫይዘሯ እኔ ነበርኩ። አየሁ፤ አላየሁም።

ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ ነው። ቢከብድዎ «ማንኪያ አምጪልኝ» ይበሉ፤ በማንኪያ የሚበላ ፈረንጅም ሞልቷል። እንጀራ የትኛውም ሆቴል ቢገቡ በእጅ ይበላል። ማስታጠቢያ ይዞ የሚመጣ ግን የለም። ከመቀመጥዎ በፊት ልጅዎ መታጠቢያው ጋ ትውሰድዎ።

ከምሳ በኋላ ፎቶ መነሣት ከፈለገችና ሒልተን ከሆናችሁ መዋኛውን ታሳይዎ። በጃንሆይ ዘመን ሲሠራ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ቅርጽ አስመስለው ነው ያበጁት። ከላይ ሆነው ሲያዩት መስቀል ነው።

«እኔ ደብረ ሲና ነኝ። ደመና ላይ የሚበላበት ምግብ ቤት አዲስ አበባ ተከፈተ ይሉኛል። እውነት ነው? ማኪያቶውስ እዚያና ፒያሳ አንድ ነው?»

ደመናው ተጋንኗል እንጂ ቤቱ እውነት ነው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አናቱ አካባቢ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ምግብ ቤት ከፍቷል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ሲኬድ ደውሎ ቦታ ማስያዝ ነው፤ ዝም ብሎ የሄደ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የምትከፍዪው ለምግቡም፣ ለመስኮቱም ነው።

እኔ ግን ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ሳቅሁ። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆመን፣ የደብረ ሲናን ቆሎ እየቆረጠምን ቁልቁል ቆላውን በነጻ የምናይ ሰዎች ነን እኮ!

ማኪያቶውን በተመለከተ፣ ቡናው ከሞላ ጎደል ያው ነው። የሚለየው ወንበሩ ነው። ፒያሳ ቶሞካ ከ70 ዓመት በላይ ቡና ሲቆላና ሲያፈላ የኖረ ቤት ነው፤ ሰዉ ቆሞ ጠጥቶ ይወጣል። ትልቁ ሆቴል ሁለት ሰዓት ተቀምጠሽ ብታወሪ ማንም አያስነሣሽም። ያን ሁለት ሰዓት ነው የምትገዢው። ለሽምግልና ወይም ለሥራ ጉዳይ ከሆነ ያዋጣል። ለቡና ብቻ ከሆነ ቁሚ።

«ከሸዋ ሮቢት። ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ጓደኞቼ ሥጋ ቤት ይወስዱኛል። እነሱ ‹ከዳቢቱ አድርግልን፣ ሻኛ ጣል አድርግበት› ሲሉ እኔ እንደ ዲዳ እቆማለሁ። ደግሞ ለምንድነው ሁለት ጊዜ ሂሳብ የምንከፍለው? ጥሬውስ አያሳምምም?»

ይህቺ የኔ ቤት ናት። ሳህን ሳጥብ የኖርኩት የሥጋ ሳህን ነው። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ማታ ማታ ሥራ ስንጨርስ ሰፈሩ ውስጥ ማሲንቆ ይሰማ ነበር። በአዝማሪና በእስክስታ የታወቀው ፈንድቃም ከዚያው ሰፈር ነው የለቀቀው።

መጀመሪያ ስለ ሁለቱ ሂሳብ። ሥጋ ቤቱና መጠጥ ቤቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ባለቤታቸው ሁለት ነው። ሥጋውን መስኮቱ ላይ አስመዝነህ ለሥጋ ቤቱ ትከፍላለህ። ቢራውን፣ አምቦ ውኃውን ለግሮሰሪው። አንዳንዱ ቤት ማስጠበሻም ለብቻ ያስከፍላል፤ እንጀራና አዋዜ ከነሱ ጋር ይመጣል። ማጭበርበር አይደለም፣ ሁለት ቤት ስለገባህ ነው።

ሚዛኑ ፊት ቁም። ይሄ ዋናው ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ የሚቆመውን ሰው ያከብራል፤ ተቀምጦ «ኪሎ ላክልን» የሚለው የደረሰውን ነው የሚበላው። የሚመዘነው ጥሬው ነው። ሲጠበስ ውኃው ወጥቶ ይኮማተራል። «ኪሎ አዘን ግማሽ መጣልን» የሚለው ጠብ ግማሹ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሌላው ግማሽ ከአጥንት ነው። ጎድን ብትል አጥንቱም ኪሎ ውስጥ አለ። ለሦስት ሰው አንድ ኪሎ ይበቃል። አራተኛው መንዜ ከሆነ ጨምር።

ስሞቹን እንዲህ ያዛቸው። ሻኛ የበሬው ትከሻ ላይ ያለው ጉብታ ነው፣ ጮማ። ትንሽ ጣል ይደረጋል እንጂ ብቻውን አይበላም። ሽንጥ ለስላሳ ነው፤ ለጥብስም ለጥሬም ይሆናል። ዳቢት ጥሬ የሚወዱ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁት ነው፣ ረፋድ ላይ ያልቃል። ካላወቅህ ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ ያዝ። «ቀይ አድርግልኝ» ወይም «ጮማ ይኑረው» በል። የቀረውን ቆራጩ ያውቃል። «ዛሬ የቱ ነው የሚሻለው?» ብለህ ብትጠይቀው ደግሞ ደረቱ ይነፋል፤ የተሻለውን ይቆርጥልሃል። ጓደኞችህም ግማሾቹ ስሙን እንጂ ቦታውን አያውቁትም፤ እመነኝ።

አሁን ወደማትወዱት ክፍል። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያሲዛል። ሥጋው ላይ የቄራ ማኅተም መኖሩን እይ፤ ተመርምሯል ማለት ነው። ምርመራው ግን ጥቂት ዕጭ ብቻ ካለ ሊያልፈው ይችላል። ሚጥሚጣ አይገድለውም። አዋዜ አይገድለውም። አረቄም አይገድለውም! ይህን ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጬ መጻፌ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። የሚገድለው እሳት ነው፤ እስከ ውስጡ የበሰለ ሥጋ ኮሶ አያሲዝም። ክትፎም ስታዝ «ለብ ለብ» ማለት በስሎልሃል ማለት አይደለም። ከያዘህ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ተመርምረህ በቀላል መድኃኒት ይወጣል። አያቶቻችን የኮሶ አበባ ጠጥተው ቀኑን ሙሉ ይሰቃዩ ነበር፤ አንተ ዕድለኛ ነህ።

በሁዳዴ 55 ቀን ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ዝግ ናቸው። በዚያ ሰሞን ክፍት ያገኘኸው ቤት ሥጋው መቼ እንደገባ ጠይቅ።

«አረርቲ ነኝ፤ ጾም አልሽርም። ልጆቼ ግን አዲስ አበባ ስሄድ ፒዛና ፓስታ ያለበት ቤት ነው የሚወስዱኝ። ‹ጾም ነው፣ ብዪ› ይሉኛል። ልመን?»

ልጆችሽን እመኚ፤ አስተናጋጁን ግን ጠይቂ። ሦስት ጥያቄ ይበቃሻል። «በዘይት ነው በቅቤ?» «ስጎው ሥጋ አለው?» «ዳቦው ወተት ወይም እንቁላል ገብቶበታል?» ሳንድዊች ካዘዝሽ ማዮኔዙን አስወጪ፤ ማዮኔዝ እንቁላል ነው። ፓስታ በአትክልት ብለሽ አዘሽ ከላዩ አይብ ፈርፍረውበት ሊመጣ ይችላል። «ያለ አይብ» በያቸው።

አሁን አዲስ አበባ የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ የሌለበት ሰፈር የለም። ማኪያቶውም የጾም አለው፤ በኦቾሎኒ ወይም በአኩሪ አተር ወተት ይሠራል። ይጣፍጣል አልልሽም። እኔ በጾም ወቅት ትልቅ ሆቴል ስሠራ እንኳ ምሳዬን ጓሮ ካለች ሽሮ ቤት ነበር የምበላው። በያይነቱ ይሻልሻል፤ በጤፍ አገር ሰው ፊት እንጀራ አላሞግስም እንጂ።

«እትዬ፣ የ24 ዓመት ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ። ዓርብ ማታ የቢሮ ልጆች ባር ይወጣሉ። ካልሄድኩ ተኮፈሰች ይሉኛል፤ ከሄድኩ አልችልበትም። መጠጥም ብዙ አይሆነኝም። ምን ላድርግ?»

ሂጂ። ተጫወቺ። ግን ባር ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያውቀውን አንቺም እወቂ።

በልተሽ ግቢ። ባር ውስጥ የሚሸጠው ምግብ ትንሽ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ትልቅ። አምቦ ውኃ በረዥም ብርጭቆ፣ በበረዶና በሎሚ አድርገሽ ያዢ፤ አይቶ ጂን ነው ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። ሶፊ ማልትም አለ። ቢራ ከጠጣሽ ጠርሙሱ ፊትሽ ይከፈት። ብርጭቆሽን ትተሽ ከሄድሽ ተመልሰሽ አትጠጪው፤ ሌላ እዘዢ። የባከነው ብር ይባክን።

ቱርቦ የሚሉት አለ። ቢራ፣ ወይን፣ ጂን፣ ለስላሳ ባንድ ጆግ ይደባለቃል፤ ቤቱ እንደወደደው ነው የሚቀምመው። ጣፋጭ ስለሆነ አልኮሉ አይታወቅም። ከጆግ ላይ ስንት እንደጠጣሽ መቁጠርም አይቻልም። እኔ ሰዎች ተደግፈው ሲወጡ ያየሁት በአብዛኛው ከጆግ ጠረጴዛ ነው። የቤቱ ኮክቴልም ቢሆን ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቂ፤ ባሬስታው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ባዶ ጠርሙሶቹን አታስነሡ። አስተናጋጇ «ላጽዳላችሁ» ብትል «ይቆይ» በሏት። ሂሳብ ሲመጣ ጠርሙሱን ቆጥራችሁ ነው የምትከፍሉት። ስምንት ሰው ሆናችሁ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማን ስንት እንደጠጣ የሚያስታውስ የለም፤ ጠርሙሱ ብቻ ነው የሚመሰክረው። ለመዋጮም ይበጃል። ሁለት አምቦ ውኃ የጠጣች ልጅ የውስኪ እኩል ማዋጣት የለባትም። «የኔ ይህን ያህል ነው» ብለሽ ቀድመሽ አስቀምጪ። መጀመሪያው ዓርብ ይስቁብሻል። ሦስተኛው ዓርብ ሌላዋም ታስቀምጣለች።

ሕጉንም እወቂው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል አይሸጥም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ነው። ቤት ውስጥ ማጨስንም የሚከለክለው እሱ ነው። ጭስ ካስቸገረሽ «ይከልከልልኝ» ማለት መብትሽ ነው፤ ቤቱ ጸሐይ መውጫ ድረስ ቢጨፍርም።

አዝማሪ ቤት ከወሰዱሽ ዝርዝር ብር ይዘሽ ግቢ። አዝማሪው አገርሽን ይጠይቅሻል። «ሰሜን ሸዋ» ካልሽ ግጥሙ ስለ በርኖስና ስለ ብርድ ነው የሚወርደው፤ ተዘጋጂ። ሲያሞግስሽ ዝም ብለሽ ብታይው ወደ ስድብ ነው የሚዞረው። ያም ደስ ይላል።

ስትመለሺ ራይድ ወይም ፈረስ ጥሪ፤ ታርጋውን አይተሽ ግቢ፤ ለአንዲት ጓደኛሽ ላኪላት። ብቻሽን ወጥተሽ መንገድ ላይ አትቁሚ።

«ደብረ ብርሃን። ከውጭ አገር ተመልሼ ከተማችን ላይ እንደ ቦሌ ያለ ክላስ ያለው ሬስቶራንት መክፈት አስቤያለሁ። ሰው ‹ብርዱ አያስቀምጥም፣ አዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ ባለ ገንዘቡ እዚያ ነው የሚበላው› ይለኛል። ምን ትላለሽ?»

ሰዎቹ ከያዙት ውስጥ እውነቱ ብርዱ ብቻ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ለእራት አይኬድም። ባለ ገንዘቡ ቅዳሜ ላምበረት መናኸሪያ ወርዶ ወይም መኪናውን አስነሥቶ ቢሄድ እንኳ ማክሰኞ የት ይብላ?

እንደ ቦሌ የሚለውን ግን ተወው። ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛ 2,800 ላይ። ይህ ወጥ ቤት ውስጥ ይታወቃል። እኛ ጋ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላው፣ ሥጋው፣ ፓስታው ሁሉ ከታች አገር የበለጠ ሰዓት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ምግብ አብሳይ መጀመሪያ ሳምንት ምስሩን ጥሬውን አወጣብኝ። «በሰዓቱ ነው ያወጣሁት» አለኝ። በቦሌ ሰዓት! ትልቅ ግፊት ድስት ግዛ፤ ከመብራቱ ጌጥ በፊት እሱን ግዛ።

ሁለተኛ፣ ሳህንህን አሙቅ። የኔ ቤት ወጥ ቤቱና ጠረጴዛው መካከል አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ጥብሱ ደርሶ ሲቀመጥ ጮማው ነጭ ሆኖ ረግቷል። አንድ የሩቅ እንግዳ «ይሄ የትናንት ነው» ብሎ መለሰብኝ። እግዜር ያውቃል፣ ያኔውኑ ነው የተጠበሰው። ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ምድጃ አፍ ላይ ተደግፎ ይውላል። ሸክላ ጥብስ እኛ አገር የግድ ነው።

በሩንም ሁለት አድርገው፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። መሐል ላይ ምድጃ ይኑር። ወንበሩ ላይ የበግ አጎዛ ጣል። ብርድ ልብስ የሚሠራ ከተማ ውስጥ ተቀምጠህ እንግዳህ በጃኬት እንዳይበላ። ቦሌ ያሉት በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ለእንግዳ ይሰጣሉ፤ ከኛ ነው የሚገዙት ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሜኑህ ላይ የመንዝ በግ ይኑር። ከነስሙ ጻፈው። ትኩስ የገብስ ቂንጬ፣ በሶ፣ አነባበሮ ጻፍ። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ እኛ ጋ ፒዛ ፍለጋ አይቸገርም። ቢራውማ ከደጃችን ነው የሚጠመቀው፤ ሐበሻም ዳሸንም እዚሁ ፋብሪካ አላቸው። እኔ ቦሌ ስሠራ ያንኑ ቢራ ስሸጥ ዋጋውን እያየሁ እታዘብ ነበር። ጠላን ግን እንዴት እንደምታቀርበው አስብበት። በንጹሕ ብርጭቆ፣ በጥሩ እጅ የተጠመቀ የገብስ ጠላ የሚሸጥ ክላስ ያለው ቤት እስካሁን አላየሁም። አረቄውን በትንሿ መለኪያ ብቻ ስጥ፤ የከተማችንን ስም ታውቃለህ።

ዋጋህን ደግሞ አንድ ጊዜ ጻፈው፣ ቫቱንም ሰርቪሱንም ውስጥ አስገብተህ። ያ የመሐል ሜዳ ልጅ እጮኛውን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የከፈትክ ቀን ጥራኝ። ከበሩ ራቅ፣ ከምድጃው ጠጋ ያለ ወንበር ያዝልኝ። ግብዣ ነው ብትለኝም ሂሳቡን አምጥተህ አሳየኝ፤ እደምረዋለሁ።